አባ መቻል፦ ስለ ፈረስና ስለ ፍርድ



ጉልበት ያለው ሰው ዳኛ ሊሆን ይገባዋል ወይ? ወይስ ዳኝነት ጉልበት ለሌለው ይሰጥ? ጉልበተኛው ሲፈርድ ለራሱ ያደላል ብለን እንፈራለን። ጉልበት የሌለው ሲፈርድ ደግሞ ፍርዱን የሚሰማው የለም። ጥያቄው የነገሥታት ብቻ አይደለም፤ በውሃ ወረፋ፣ በራሽን ቀን፣ በድንኳን ወሰን በየዕለቱ ይገጥመናል። መልሱን ለመፈለግ የአንድ ሰው ሕይወት ማስታወስ ይጠቅመናል። ይኸውም ዕድሜያቸውን በፈረስ ጀርባና በፍርድ ወንበር ላይ ያሳለፉት የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ሕይወት ነው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጨቦ ሰው ናቸው። የምኒልክ ጦር አገራቸውን በያዘ ጊዜ ተማርከው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት መጡ። ምርኮኛው በአገልግሎት ከፍ ከፍ እያሉ ሄደው፣ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ ከወደቁ በኋላ የፊታውራሪነቱን ማዕረግ ያዙ። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱና የሸዋ ጦር ሰገሌ ላይ ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ሲዋጋ ከግንባር አለቆቹ ዋነኛው እሳቸው ነበሩ። በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስም በሥልጣናቸው ቆዩ። እንግዲህ ጉልበት አላቸው ከተባሉት የዘመኑ ሰዎች መካከል ከፊተኛው ረድፍ የሚቆሙ ነበሩ ማለት ነው።

ነገር ግን ሽማግሌዎች ስለ እሳቸው ሲያወሩ ጦርነቱን በአጭር አልፈው ብዙ የሚቆዩት በፍርድ ዐዋቂነታቸው ላይ ነው። ጦር ሚኒስትሩ በችሎት ሰውነታቸው መታወሳቸው ለምን ይሆን?

በዚያ ዘመን ፈረስና ሕግ የተራራቁ ነገሮች አልነበሩም። መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። የምኒልክ የፈረስ ስም ግን አባ ዳኘው ነው፤ ዳኘ ማለት ፈረደ ማለት ነውና በጦር ፈረስ ላይ የዳኛ ስም ተጫነ። የሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ አባ መቻል ነው።

ከችሎትም ፈረስ አይጠፋም ነበር። ተሟጋቾች በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲከራከሩ፣ በነገራቸው እርግጠኛ መሆናቸውን ለማሳየት ማር እሰጥ፣ በቅሎ እሰጥ፣ ፈረስ እሰጥ እያሉ ይወራረዱ ነበር። ዛሬ እሰጥ አገባ የምንለው ከዚያው የቀረ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ሹም በአቅራቢያ ከሌለ መንገደኛውን ጠርተው ዳኘን ይሉታል። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ጠመንጃ ይዞም ቢሆን ይቆማል፤ ባይቆም ያፍራል።

አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ግን የአንድ ቀን ስንቅ ናት። ሆኖም በቅሎዋ ስትሄድ ባለቤቷ ተጠይቋል፣ ተሰምቷል፣ ሰው ተብሏል። ጭብጦዋ ስትሄድ ማንም አልጠየቀውም። ያለ ፍርድ የተወሰደብን ነገር የሚያቃጥለን በዋጋው አይደለም፤ አትቆጠርም ስለ ተባልን ነው። በራሽን ቀን አንድ ሰው ስለ አንድ ጣሳ ዱቄት ሲጮህ ሆዳም ነው የምንል ሁሉ ይህችን ጭብጦ እናስብ።

አሁን ወደ ፈረሱ ስም እንመለስ። በቋንቋችን መቻል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለማድረግ አቅም ማግኘት ነው፤ ሁለተኛው መታገሥ፣ መሸከም ነው። ዐረብኛ ለመታገሡ ሰብር የሚል ሌላ ቃል አለው። እኛ ግን አቅምንና ትዕግሥትን በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን። በበኩሌ ይህ የቃል እጥረት አይመስለኝም።

ፈረስ የገራ ሰው ነገሩን ያውቃል። ያልተገራ ፈረስ ጉልበት አያንሰውም፤ የሚያንሰው ልጓም መቻል ነው። ባልደራሱ ጉልበቱን አያጠፋበትም፤ ጉልበቱን እንዲገዛ ያስተምረዋል እንጂ። የጉግስ ፈረስ የሚመሰገነው በመሮጡ ብቻ አይደለም፤ በሩጫው መካከል ሲሳብ መመለሱም ነው። ዳኛም እንደዚሁ ነው። የሚጠላውን ሰው እስከ መጨረሻው ሊሰማ፣ በወዳጁ ላይ ሊፈርድ፣ እጁ ያለችውን አለንጋ ሳያነሣ ሊውል ይገባዋል። ሕግ ለጉልበት ልጓሙ ነው። ነገር ግን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደሚባለው፣ ሕግም እስከ ችሎቱ ያደርሳል እንጂ ራሱ አይፈርድም፤ የሚፈርደው ሰው ነው።

በሌላ በኩል የሚጎትት ፈረስም አለ። የካርቱምን ካሮ አይታችኋል፤ በጠራራ ፀሐይ በርሜል ውሃ የሚስበው እንስሳ እሱም ይችላል። ነገር ግን የሚችለው ጅራፍ ስላለበት ነው። መቻል የሚባለው ጅራፉ በእጅህ ሆኖ ስትታገሥ ነው፤ ጅራፉ በጀርባህ ላይ ሆኖ ዝም ማለት ግን መገደድ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው የተበደለውን ቻለው እያለ በዳዩን ያሳርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል፦ ሀብተ ጊዮርጊስ ራሳቸው ያቀኑት በጦር አይደለምን? ቦረናን የገዙት፣ እንደ ዘመናቸው መኳንንት በገባር ጉልበት የኖሩት እሳቸው አይደሉምን? ናቸው። ይህን ሸፍኖ ማመስገን ለሰውየውም ለእኛም አይጠቅምም። በችሎታቸው የተመሰገኑት ዳኛ ገባሩ ያለ ፍርድ በሚሠራበት ሥርዓት ውስጥ ጌታ ነበሩ። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ ራሳቸው ተማርከው የመጡ መሆናቸው ነው። ምርኮን የቀመሰ ሰው ሌላውን ከመግዛት አልታቀበም።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለው በዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ። መከራ ብቻውን ፍትሕን አያስተምርም። የተገፋ ሰው ሁሉ ነገ አይገፋም ማለት አይቻልም፤ የመግፋት ዕድል አላገኘ ይሆናል እንጂ። ስደተኛ መሆናችን፣ መበደላችን፣ አገር ማጣታችን ብቻውን ጻድቅ አያደርገንም። የምንመዘነው አለንጋዋ በእጃችን ስትገባ ነው።

ጀብራ የኖርን እናስታውስ። የዕቁብ ጠብ፣ የጋራ ቤት ኪራይ፣ የባልና የሚስት ነገር ሲነሣ፣ ፖሊስ ዘንድ መሄድ ወረቀት ለሌለው አደጋ ስለ ነበር፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ቡና ተፈልቶ ይዳኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወታደር አልነበራቸውም፤ ግን ይሰሙ ነበርና ይሰማቸው ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ዳኛ ሆነ፤ በቅሎውም ጭብጦውም ያለ ፍርድ ሄደ። ልዩነቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ አየነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ዳኛ የሚገባው ጉልበት ያለው ወይም የሌለው ሰው ሳይሆን፣ ያለውን ጉልበት የሚችል ሰው ነው። በዚህ መጠለያ ጉልበት የሌለው ሰው የለም። የወረፋው መዝገብ የተሰጠው፣ ዐረብኛ የሚያውቀው፣ ዘመዱ ብዙ የሆነው፣ የውሃውን ቧንቧ ቁልፍ የያዘው ሁሉ በፈረስ ላይ ነው። ፈረሱ ሲሳብ ይቆማል ወይ? በመካከላችን በጣም ደካማዋ ሴት በሕግ አምላክ ብትል የሚቆም ሰው አለ ወይ?

ፊታውራሪው ሲሞቱ ጦራቸውንና ሀብታቸውን ራስ ተፈሪ ወሰዱት። ለሰፊው ሕዝብ የቀረው አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሚጠራ ድልድይና በየሽማግሌው አፍ ያለ የፍርዳቸው ወሬ ነው። ጉልበት ይወረሳል፤ የተፈረደ ፍርድ ግን ከፈራጁ ጋር ይነሣል፣ ደጉም ክፉውም። ነገ በወረፋው ላይ የምንፈርደውም እንዲሁ በልጆቻችን ይወራል።