በነፃ የሚያገለግል ሰው ይጠየቃልን?

ደመወዝ ሳይቀበል በፈቃዱ የሚያገለግል ሰው ስለ ሥራው ሊጠየቅ ይገባዋልን? ብዙ ሰው ሳያስብ የሚሰጠው መልስ፥ «እንዴት ይጠየቃል! ከነጭራሹ ባይመጣስ ምን ሊባል ነበር? ስለ መጣ ይመስገን እንጂ» የሚል ነው። መልሱ ከደግ ልብ የወጣ ስለ ሆነ የሚቃወመው እምብዛም አይገኝም። እኔ ግን በመምህርነት ካሳለፍሁት ዘመን ውስጥ 11 ዓመት ያህል፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ ያለ ክፍያ የወንዶች ልጆች የስካውት ቡድን መሪ ሆኜ ስለ ሠራሁ ነገሩን ከቅርብ አይቼዋለሁና ይህን መልስ ልቀበለው አልችልም። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ «በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል» ሲባል የሚጠራው አንተ ነህና፥ ከመግባትህ በፊት አብረን ብንመረምረው አይከፋም።

በጎ ፈቃድ ከሚለው ቃል እንጀምር። ፈቃድ በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የሰው የራሱ መሻት ነው፤ «በፈቃዴ ገባሁ» እንደምንለው ያለ። ሁለተኛው ከሌላ ሰው የሚገኝ ይሁንታ ነው፤ «ፈቃድ ጠይቆ ሄደ» እንደምንለው ያለ። በጎ ፈቃደኛ የሚባለው ሰው አዘውትሮ የሚያስበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ ይዞ ወደ ዱር ለመውጣት የራስ መሻት አይበቃም፤ የእናትና የአባት ይሁንታ ያስፈልጋል። እነርሱም ይሁንታቸውን ሲሰጡ ልጃቸውን በስጦታ አልሰጡም፤ በአደራ ሰጡ እንጂ። አደራ የተቀበለ ሰው «ደመወዝ አልተከፈለኝም» ብሎ ከአደራው ሲያመልጥ ያየ ማን ነው? አደራ በላ የሚለው ክፉ ስም ደመወዝተኛውንና ደመወዝ የሌለውን ለይቶ አያውቅም።

ይህ ከውጭ አገር የመጣ ትምህርት እንዳይመስልህ። የሰፈራችንን እድር ተመልከት። የእድሩ ዳኛ፥ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግሉት በነፃ ነው። ሆኖም የሂሳብ ቀን ሲደርስ ገንዘብ ያዡ መዝገቡንና ደረሰኙን ይዞ በአባላቱ ፊት ይቀርባል፤ ጥቂት ብር ቢጎድል «በነፃ ነው የያዝሁላችሁ» ቢል የሚሰማው የለም፤ እርሱም ራሱ እንዲህ ብሎ ለመናገር ያፍራል። ከቀብር የቀረው አባልም ይቀጣል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያለ ክፍያ መሥራትንና ያለ ተጠያቂነት መሥራትን አንድ አላደረጓቸውም። እነዚህን ሁለቱን ማደባለቅ የጀመርነው፥ እንደሚመስለኝ፥ የሚጠይቅ አባል በሌለበት ቦታ ነው። ልጆች ደግሞ የሂሳብ ቀን የላቸውም። መሪያቸውን ሊሽሩት አይችሉም፤ ደመወዙንም ሊቀንሱበት አይችሉም። ስለዚህ የልጆች መሪ የሆነ ሰው ከእድሩ ገንዘብ ያዥ ይልቅ ራሱን በራሱ አጥብቆ መጠየቅ ይኖርበታል።

የስካውት አጀማመርም ለዚህ ነገር የሚረዳ ምስክር አለው። ቤደን ፓወል የተባለው የእንግሊዝ ጄኔራል በ1899 ዓ.ም. ክረምት 20 ያህል ልጆች ሰብስቦ ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ለአንድ ሳምንት ያህል አሰፈራቸው። ከልጆቹ ገሚሶቹ ከባለጠጎች ትምህርት ቤት፥ ገሚሶቹ ከተርታው ሕዝብ የመጡ ነበሩ። በአራት ምድብ ከፍሎ በአውሬና በወፍ ስም ጠራቸው፤ በየምድቡም ላይ አለቃ አድርጎ የሾመው ከልጆቹ አንዱን ነበር። (ስለ ጄኔራሉ ወታደርነትና ስላገለገለው የቅኝ ግዛት መንግሥት የሚነሣው ክርክር ራሱን የቻለ ነገር ስለ ሆነ እዚህ አልገባበትም።) በ1900 ዓ.ም. መጽሐፉ በየ15 ቀኑ በክፍል በክፍል እየታተመ በርካሽ ዋጋ ሲወጣ፥ ጸሐፊው ያሰበው ቀድሞ የነበሩት የወጣቶች ማኅበሮች እንዲሠሩበት ነበር። ልጆቹ ግን ማንንም ሳይጠብቁ በየሰፈራቸው ምድብ ምድብ ሆነው፥ ዱላ ይዘው፥ ዱካ እየፈለጉ መዞር ጀመሩ። መሪ የሚሆናቸውን ትልቅ ሰው የፈለጉት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ልብ በል፤ ሥራው አስቀድሞ የልጆቹ ነበር፤ ትልቁ ሰው የገባው ተጠርቶ ነው። ተጠርቶ የገባ ሰው ደግሞ ቤቱ የእርሱ እንዳልሆነ ያውቃል።

የመሪው ሥራ ምን እንደ ሆነ እኔ የተማርሁት በምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ በ1964 ዓ.ም. ነው። መሪያችን የሂሳብ መምህራችን ነበሩ። በበጋው ወራት ከትምህርት ቤቱ ርቀን ወንዝ ዳር ሰፈርንና ለየምድባችን ዱቄት፥ ሽሮ፥ ጨውና ዘይት ተሰፍሮ ተሰጠን። የእኛ ምድብ ለቂጣ ያቦካው ሊጥ ቀጠነ፤ ልናጠነክረው ዱቄቱን ሁሉ ጨመርን፤ ፈርተን እንደ ገና ውሃ አፈሰስንበት፤ በመጨረሻ ቂጣም ገንፎም ያልሆነ ነገር ምጣዱ ላይ ተዘረጋ። መምህራችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያዩን ነበር። አንዳችን ጨነቀንና «ጋሼ፥ ምን እናድርግ?» አልናቸው። እርሳቸውም «የምድባችሁ አለቃ ማን ነው?» ብለው ዝም አሉ። አለቃችን የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ጥቂት አሰበና ወደ ጎረቤት ምድብ ሄዶ፥ እኛ ደረቅ እንጨት በብዛት ሰብስበን ስለ ነበር፥ እንጨት ሰጥቶ ዱቄት ተበድሮ መጣ። ያን ማታ ሁላችንም ጥቂት ጥቂት በላን።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ አልበቃም። ነገር ግን መምህራችን ኀላፊነት የወሰዱት ስለ ራቱ አልነበረም። ራቱን ቢያበስሉልን ኖሮ ጠግበን እናመሰግናቸው ነበር፤ ያ ልጅ ግን ሄዶ መደራደርን አይማርም ነበር። እርሳቸው ምስጋናውን ትተው ራበን። (እናቴ ይህን ስነግራት በጣም ተቈጥታ ነበር።) በነፃ የሚያገለግል ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ደመወዙ ምስጋና ስለ ሆነ ምስጋና የሚያበዛውን ሥራ ይመርጣል፤ ድንኳኑን ራሱ ይተክላል፥ እሳቱን ራሱ ያነዳል፥ ጠቡን ራሱ ይፈርዳል። ልጆቹም ያለ እርሱ ምንም እንደማይሆኑ ያምናሉ፤ እርሱም ይህን ሲያይ ልቡ ይሞላል።

ደመወዝ የሌለው ሥራ አለ ብለህ አትመን፤ ያልተጻፈ ደመወዝ ነው ያለው። ቅዳሜ ወደ ግቢው ስገባ 20 እና 30 ልጆች ካኪያቸውን ለብሰው፥ ሻርፓቸውን አስረው እየሮጡ ሲከቡኝ የነበረኝን ደስታ በገንዘብ ልተምነው አልችልም። ይህን ደስታ መቀበል ነውር አይደለም። ነገር ግን ክፍያ መሆኑን ያወቀ ሰው ሂሳቡን ያውቃል፤ ያላወቀው «ሁሉን ሰጥቼ ምንም አልተቀበልሁም» እያለ ልጆቹን የውለታ ባለዕዳ ያደርጋቸዋል፤ አንዱ ልጅ ቡድኑን ትቶ ኳስ መጫወት ሲጀምርም ውለታ ቢስ ይለዋል። ሳምንቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ሲታዘዝ ሰንብቶ ቅዳሜ የሚያዘው ሰው ፍለጋ የሚመጣም አለ።

ከዚህ የባሰም አለ፤ ደስ የማይል ቢሆንም ወጣት ሊያውቀው ይገባል። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ቦይ ስካውት ይባል የነበረው ድርጅት በየካቲት 2012 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ቀርቦ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ምክንያቱ በልጅነታቸው በስካውት ውስጥ ተደፍረናል የሚሉ ሰዎች ያቀረቡት ክስ ነበር። አቤቱታ ያቀረቡት ሰዎች ቍጥር ከ82,000 በላይ ሆነ፤ ለካሣውም ከ2.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተወሰነ። የስካውት ቡድን መሪዎች በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሰዎች መሆናቸውን አትርሳ። «ጊዜውን ሠውቶ ልጆቻችንን የሚያስተምር ደግ ሰው» የተባለን ሰው «ትናንት ማታ ልጁን ብቻውን ወዴት ወሰድኸው?» ብሎ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ አስብ። ክፉ ሰው የሚሸሸገው በዚህ ይሉኝታ ጥላ ሥር ነው። ዛሬ በዚያ ድርጅት ቢያንስ ሁለት የተመዘገቡ ትልልቅ ሰዎች ሳይኖሩ ልጆችን ይዞ መሰብሰብ አይፈቀድም።

ይህ ዓይነት ደንብ እኛም ዘንድ ሲነገር «እኔን ይጠረጥሩኛልን?» ብለው የሚቀየሙ ጥሩ ጥሩ ሰዎች አውቃለሁ። ቅያሜያቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን አልቀበለውም። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ሲጠየቅ ሌባ ተባልሁ ብሎ አይቀየምም። በእኔ የመሪነት ዘመን ረዳቴ ካልመጣ ጉዞው ይቀር ነበር፤ ልጆቹ ስንቃቸውን ይዘው እያለቀሱም ቢሆን ይቀር ነበር። አንድ ቅዳሜ በከንቱ መዋል ለልጅ ከባድ ነው፤ ግን ይረሳል።

የማይረሳውን ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ አንድ የተማረና ደስተኛ ወጣት የልጆች ቡድን ሊመራ በመስከረም ጀመረ። ቋጠሮ ያስተምራል፥ በሁለት ዱላና በጋቢ ቃሬዛ መሥራት ያሳያል፥ በጥምቀት ሰሞን እንጦጦ አወጣችኋለሁ ይላል። ልጆቹም እጅግ ወደዱት። በጥር ወር ሥራ በሌላ ከተማ አገኘና ሄደ፤ ለማንም አልተናገረም። ልጆቹ ሦስት ቅዳሜ ተከታትለው እየመጡ በሩ ላይ ቆመው እንደ ተመለሱ የነገረኝ ዘበኛው ነው። ነገሩን ለወላጆች ኮሚቴ ባነሣ፥ «በነፃ ነው የሚሠራው፤ ምን ይባላል?» አሉኝ። ወጣቱን አልኰንነውም፤ እንጀራ ፍለጋ መሄድ መብቱ ነው። ነገር ግን ከልጆቹ አንዱ፥ 11 ዓመት የማይሞላው፥ ወደ እኔ ቀርቦ ቀስ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ምን አጥፍተን ነው?» አለኝ። ልጅ እንዲህ ነው። የተዉትን ሰው አይከስም፤ በራሱ ላይ ጥፋት ይፈልጋል። ያ ወጣት ለመሰናበት ሊሰጥ የሚገባው ግማሽ ሰዓት ነበር፤ ያን ግማሽ ሰዓት ልጁ በምን ያህል ዘመን እንደሚከፍለው ማን ያውቃል?

«እንዲህ ካጠበቅኸው የሚያገለግል ሰው አይገኝም» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው፤ ጥቂቱ ይሸሻል። ሰው ማጣትም ቀላል ችግር አይደለም፤ መሪ ጠፍቶ የተበተነ ቡድን አይቻለሁ። ሆኖም መፍትሔው የቃሉን ክብደት ማቅለል ሳይሆን ቃሉን ማሳጠር ይመስለኛል። በወር ሁለት ቅዳሜ የምትችል ከሆነ ሁለት በል፤ አራት አትበል። አንድ ዓመት ብቻ የምትቆይ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ለልጆቹም ለወላጆቻቸውም አንድ ዓመት በላቸው። ልጅ አጭር ነገር አይከፋውም፤ ዕረፍቱም ክረምቱም አጭር እንደ ሆነ ያውቃል። የሚከፋው የተነገረው ሳይሆን ሲቀር ነው። ገደብ ያለው አገልግሎት የተናቀ አገልግሎት አይደለም፤ እኔ እንዲያውም «ለልጆቹ ስል ዕድሜ ልኬን» እያለ የሚጀምረውን ሰው ነው የምፈራው።

መልቀቅም ራሱን የቻለ የሥራው ክፍል ነው። እኔ ጕልበቴ ሲደክም አንድ ዓመት አስቀድሜ ተናገርሁና የሚተካኝን ሰው ፈልገን፥ በዚያ ዓመት አብሮኝ እንዲሠራ አደረግሁ። በመጨረሻው ቅዳሜ የስም መዝገቡን፥ የገንዘቡን ደብተርና ዕቃውን አስረከብሁ፤ አራት ድንኳን፥ ሁለት ኮምፓስ፥ ሦስት ብረት ድስት፥ ገመዶች። ዕቃውን ከዝርዝሩ ጋር እያስተያየ የቈጠረው ከምድብ አለቆቹ አንዱ፥ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ቈጥሮ ሲያበቃ ወረቀቱን አየ፤ እንደ ገና ቈጠረ፤ ቀና ብሎም «ጋሼ፥ አንድ ገመድ ይጎድላል» አለኝ። ልፈርም ያነሣሁትን ብዕር አስቀመጥሁ። ሁላችንም ስንፈልግ ቆይተን ገመዱን ከድንኳኖቹ በአንደኛው ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘነውና ከዚያ በኋላ ፈረምሁ።