በጥቁርነትና በውበት መካከል የቆመችው «ግን»



በአገራችን ለትዳር የታሰበች ልጅ ስትወደስ ዘመድ አዝማድ ከሚናገረው አንዱ «ጠቆር ትላለች፣ ግን ደም ግባት አላት» የሚለው ነው። ተናጋሪው መልካም የተናገረ ይመስለዋል፤ ሰሚውም እንደ ሙገሳ ይቀበለዋል። ሆኖም በዚህ አጭር ንግግር መካከል አንዲት ትንሽ ቃል ቆማለች። እርስዋም «ግን» የምትለው ናት። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን የዚህችው ቃል ነገር ነው።

እኛ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ካቶሊካውያን እናቶች ነን። በአካባቢያችን ባለ አንድ ቁምስና የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ማኅበር አለ። ማኅበሩ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከ8 እስከ 13 ዓመት የሆናቸውን ጥቁር ልጃገረዶች በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበስባል። ዓላማውም ልጆቹ ራሳቸውን አክብረው፣ በተፈጠሩበት መልክ ሳያፍሩ እንዲያድጉ መርዳት ነው። የሚያገለግሉት ሴቶች ደመወዝ የላቸውም። አንደኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሌላዋ ሌሊቱን በሆስፒታል ያደረች ነርስ ናት፤ ሌላዋም የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር መሄድ ሲጀምሩ እኛ በመኪና ውስጥ ሆነን እንጠብቃቸው ነበር። አንድ ቀን መምህርቷ ወደ መኪናው መጥተው መስኮቱን አንኳኩና «ለምን አትገቡም?» አሉን። ገባን።

ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባናል። የገባነው እንደ ረዳቶች ሆነን ነበር። በልባችን «ይህ የእነርሱ ችግር ነው፤ እኛ ሐበሾች ነን፣ ቅኝ አልተገዛንም፣ ልጆቻችንም ራሳቸውን ያውቃሉ» እንል ነበር። ጥቁር የሚለውን ስም ለጎረቤቶቻችን ሰጥተን ለራሳችን ሌላ ስም አስቀርተን ነበር። የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ሲያወጡ ፊቱን ፀሐይ ያጠቆረው ሕዝብ ማለታቸው እንደ ነበር የምናውቅ ሰዎች እንዲህ ማሰባችን ያስገርማል። የምንኮራበት ስም የጥቁርነት ስም ነው።

ሐሳባችን የተናደው በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ልጆቹ የየራሳቸውን ፊት እንዲሥሉ ወረቀትና ከለር ተሰጣቸው። ክራዮላ የተባለው ድርጅት ቀድሞ የነጭ ሰው ቆዳ የሚመስለውን አንድ ከለር «የሥጋ ቀለም» ብሎ ይሸጥ ነበር፤ የሰው ሥጋ ሁሉ ያው አንዱ እንደ ሆነ። ስሙን የለወጠው በ1962 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው)። በ2020 ደግሞ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የቆዳ መልክ የሚያሳዩ 24 ከለሮች ያሉበት ሣጥን አወጣ። በጠረጴዛው ላይ የቀረበው ይኸው ሣጥን ነበር። ጥቁር አሜሪካውያኑ ልጆች እየተሳሳቁ ከለሩን ከክንዳቸው ጋር እያስተያዩ ይመርጡ ጀመር። ከእኛ ልጆች አንዷ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሣጥኑን አገላብጣ ከሁሉ የነጣውን አነሣች።

እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ነበርና በአማርኛ «የኔ ልጅ፣ ይኸ ያንቺ አይደለም እኮ» አለቻት። ልጅቱም ቀና ሳትል «የኔማ አስቀያሚ ነው፤ እትዬ በክረምት ጠቁረሻል ብላኛለች» ስትል መለሰች።

እትዬ የተባለችው የእናቷ ታላቅ እኅት ናት፤ ልጅቱን የምታየው አዲስ አበባ ለዕረፍት ሲመጡ ነው። በቦሌ ስትቀበላት አቅፋ እየሳመቻት «ምነው ከሳሽ? ምነው ጠቆርሽ?» ብላት ነበር። ይህን ከእናንተ ያልተናገረ ማን አለ? እኛም ብለነዋል። ፍቅር ነው፤ ልጄን ምን ነካብኝ የማለት ስስት ነው። በቋንቋችን መጥቆር መጐሳቈል ነው፤ ፊትን ማጥቆር መኰሳተር ነው፤ ክፉ ቀንም ጥቁር ቀን ይባላል። ትልቅ ሰው ቃሉን በልማድ ይሰማዋል። ልጅ ግን ቃሉን እንዳለ ይወስደዋል። በትምህርት ቤት፣ በቴሌቪዥን፣ በመጫወቻ መደብር ሲነገራት የከረመው ነገር በገዛ ዘመዷ አፍ፣ በገዛ ቋንቋዋ ጸደቀ ማለት ነው።

ይህ የልጅ ቁስል አዲስ ነገር አይደለም። ማሚ ፊፕስ ክላርክ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በ1939 በዋሽንግተን በሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቁር ሕፃናት ስለ ራሳቸው መልክ ያላቸውን ግንዛቤ አጥንታ ነበር። ቀጥሎም ከባሏ ከኬኔት ክላርክ ጋር ሆና ከ3 እስከ 7 ዓመት በሆናቸው ጥቁር ሕፃናት ፊት ሁለት ነጭና ሁለት ቡናማ አሻንጉሊቶችን እያቀረበች ትጠይቃቸው ጀመር። ጨዋዋ የትኛዋ ናት? መጥፎዋ የትኛዋ ናት? አብዛኞቹ ጨዋዋ ነጯ ናት አሉ። በመጨረሻም «አንቺን የምትመስለው የትኛዋ ናት?» ሲባሉ አንዳንዶቹ እያለቀሱ ከክፍሉ ወጡ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ጥቁሮችንና ነጮችን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ ከጠቀሳቸው ጥናቶች አንዱ የኬኔት ክላርክ ጽሑፍ ነበር። ሕጉ ተለወጠ። ያች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ ያውም ከ24 ከለሮች መካከል፣ ያንኑ ምርጫ መረጠች።

እንግዲህ ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በመኃልየ መኃልይ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሙሽራይቱ ለኢየሩሳሌም ልጃገረዶች ስለ መልኳ ስትናገር ጥቁርነቷንና ውበቷን በአንድ ትንፋሽ ታነሣለች። በዕብራይስጡ ሁለቱን የምታያይዘው አንዲት ፊደል ናት፤ እንደ ግእዙ «ወ» ብዙውን ጊዜ «እና» ማለት ስትሆን እንደ አገባቧም «ግን» ልትሆን ትችላለች። የግሪኩ ትርጉም «እና» አለ። የላቲኑ ትርጉም «ግን» አለ። ለብዙ ዓመታት ስናነበው የኖርነው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም እንደ ላቲኑ «ግን» ብሏል። ተርጓሚዎቹ ያለ ምክንያት እንዲህ አላሉም። ሙሽራይቱ ወዲያው ቀጥላ ፀሐይ ስላከሰላት እንዳያተኩሩባት ትለምናለች፤ የእናቷ ልጆች ተቈጥተው የወይን ቦታ ጠባቂ እንዳደረጓትም ትናገራለች። በልቧ «ግን» ገብቷል። ከየት ገባ? ከልጃገረዶቹ ዓይንና ከወንድሞቿ ቍጣ ነው እንጂ ከፈጠራት አይደለም። ፈጣሪ በዘፍጥረት ሰውን በመልኩ ሲፈጥር «ግን» ብሎ ያስቀረው ወገን የለም።

ቁስሉ ከቤት እንደሚጀምር ኦሪትም ይመሰክራል። በዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ሙሴን ስላገባት ኢትዮጵያዊት ያሙት ባዕዳን አይደሉም፤ የገዛ እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን ናቸው። ማርያም ነቢይት ነበረች፤ በቀይ ባሕር ዳር ከበሮ ይዛ ሴቶችን የመራች ናት። ሐሜቱ ስለ መልክ ይሁን ስለ ባዕድነት መጽሐፉ በግልጥ አይነግረንም፤ ማርያም በለምጽ እንደ በረዶ መንጣቷን ግን ይነግረናል። ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች፤ ሕዝቡም እስክትመለስ ድረስ አልተጓዘም። በዚህ ቃል ብዙ አሰብን። ስለ አንዲት ጥቁር ሴት በቤተ ዘመድ መካከል ስለ ተነገረ ነገር ወደ ተስፋይቱ ምድር የሚሄድ ሕዝብ በሙሉ ለሰባት ቀን ጉዞውን አቆመ። እኛ ግን አንዲት ልጅ ስታለቅስ «ለቀልድ ነው፣ ተዪው» ብለን እናልፋለን።

የማኅበሩ ሴቶች ለልጆቹ ከሚያስተምሯቸው መካከል የቀደሙ እናቶቻቸው ታሪክ ይገኛል። በዚሁ በሜሪላንድ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ በ1829 ሜሪ ላንጅ የተባለች ጥቁር ስደተኛ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ምንኵስናን ተቀብላ በአሜሪካ የመጀመሪያውን የጥቁር ደናግል ማኅበር መሠረተች። በግዛቲቱ ባርነት ሊሻር ገና 35 ዓመት ይቀር ነበር፤ ለጥቁር ልጆችም የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም። እነርሱ ግን ማስተማር የጀመሩት ከዚያም አንድ ዓመት ቀድመው ነው፤ ትምህርት ቤታቸው እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ር. ሊ. ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2023 ለሜሪ ላንጅ «ክብርት» የሚለውን ማዕርግ ሰጥተዋታል። ልጆቹ ይበልጥ የሚወዱት ግን የሲስተር ቲያ ቦውማንን ታሪክ ነው። ሚሲሲፒ ተወልዳ በገባችበት የፍራንቸስካውያት ማኅበር ብቸኛዋ ጥቁር ነበረች። በ1989 በካንሰር ታማ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ፣ የአፍሪካ ልብስ ለብሳ በአሜሪካ ጳጳሳት ጉባኤ ፊት ቀረበች፤ ጥቁርነቷን ሳታስቀር ሙሉ ሆና ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደመጣች ነገረቻቸው፤ በመጨረሻም ጳጳሳቱን አስነሥታ እጅ ለእጅ አያይዛ አዘመረቻቸው። በሚቀጥለው ዓመት በ52 ዓመቷ ዐረፈች። ልጆቹ «ጳጳሳቱን አዘመረቻቸው?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቃሉ።

አገልግሎቱ ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሲገቡበት ትዕግሥትን ይጠይቃል። አስቀድሞ የጣት አሻራ እንድንሰጥና ልጆችን ከጥቃት ስለ መጠበቅ ትምህርት እንድንወስድ ታዘዝን፤ የአሜሪካ ጳጳሳት ከ2002 ወዲህ ከልጆች ጋር የሚያገለግል ሁሉ እንዲመረመር ደንግገዋልና። አንዳንዶቻችን «እንደ ሌባ ተቈጠርን» ብለን ተቀየምን። በኋላ ግን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሕፃናት ላይ የደረሰውን ስናስብ ቅሬታችን አሳፈረን።

ከዚያም እጃችን የሚያውቀውን ሥራ አገኘን፤ እርሱም ሹሩባ ነው። ፀጉር በአሜሪካ ቀላል ነገር አይደለም። ካሊፎርኒያ በ2019፣ ሜሪላንድም በ2020 በፀጉር አሠራር ምክንያት ሰውን ከሥራ ወይም ከትምህርት ማግለልን በሕግ እስኪከለክሉ ድረስ ሹሩባ የተሠራችን ልጅ «ሥርዓት የላትም» ብሎ ወደ ቤቷ መመለስ ይቻል ነበር። የእኛም ቤት ከዚህ አይጠራም፤ ዞማና ሉጫ የሚዘፈንለት፣ ከርዳዳ የሚሰደብበት አገር ልጆች ነንና። አሁን በየቅዳሜው ልጆቹ በጕልበታችን መካከል ይቀመጣሉ፤ እኛም እየጎነጎንን እናወራለን። በዚያ ሰዓት የሚናገሩትን በሌላ ጊዜ አይናገሩትም።

በመጀመሪያ አካባቢ «ቆንጆ ነሽ፣ ቆንጆ ነሽ» እያልን ስንደጋግም መምህርቷ ገታ አድርገውን ነበር። «ቆንጆነቷን ንገሯት፤ ነገር ግን በዚያ ብቻ አትተዉአት። ዛሬ ምን እንደ ሠራች፣ ማንን እንደ ረዳች፣ ምን ብላ እንደ ጠየቀች አይታችሁ ንገሯት። በመልኳ ብቻ ያቆማችኋት ልጅ በመልኳ ትወድቃለች» አሉን። ይህ ምክር ለእናት ሁሉ የሚሆን ይመስለናል።

ቅዱስ ሉቃስ በመጀመሪያው ምዕራፍ የጻፈውን የሁለት ሴቶች መገናኘት ካነሣን ዘንድ የመምህርቷ ቃል ይበልጥ ይገባናል። እመቤታችን ከናቁት መንደር የመጣች ወጣት ናት፤ ወደ አረጋዊቷ ኤልሳቤጥ ደጅ ደረሰች። ያን ታላቅ የምስጋና መዝሙር የዘመረችው መልአኩ በተናገራት ጊዜ አልነበረም። ኤልሳቤጥ ተቀብላ ማን እንደ ሆነች ከነገረቻት በኋላ ነው። አሮጊቷ «ግን» አላለቻትም። ስለ መንደሯም፣ ስለ ድህነቷም፣ ስለ መንገድ ድካሟም አላነሣችባትም። መጀመሪያ የተናገረችው ቡራኬ ነው።

የዚያች ልጅ እናት ለእኅቷ ስልክ ደውላ የሆነውን ነግራት ነበር። እኅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎም ተቈጣች፤ «አሜሪካ ሄዳችሁ ፍቅርም ስድብ ሆነባችሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ሁለቱ እኅትማማቾች ለሁለት ወር ሳይነጋገሩ ቆዩ። በዐቢይ ጾም ታረቁ፤ ስለ ነገሩ ግን እስካሁን አልተነጋገሩም። ልጅቱ በመጪው ክረምት እንደገና ትመጣለች። ሥዕሉ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንደ ነበረ ነው፤ መምህርቷ አይወርድም፣ አይታረምም ብለዋል። እትዬም እንደ ወትሮው ቦሌ መጥታ ትቀበላታለች።