ከኢሻእ በኋላ ያለው ሰዓት የማን ነው?

ምስጋና ሌሊትን ለእረፍት፣ ቀንን ለኑሮ ላደረገልን ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለዚህ ዓምድ የማይመጥን ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ እንቅልፍ ነው፤ በተለይም ቀን ሠርታ ውላ ማታ የምታበስል እህታችን እንቅልፍ። ተራ ነገር እንዳልሆነ የገባኝ ግን በራሴ ቤት በደረሰ ነገር ስለሆነ፣ ቢያሳፍረኝም ከዚያው እጀምራለሁ።

ባለቤቴ እንደኔው የቢሮ ሠራተኛ ናት። አንድ ማታ የአውሮፓ ኳስ አይቼ ስጨርስ ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል። ወደ መኝታ ክፍል ስገባ መስገጃዋ ላይ በሱጁድ ላይ አገኘኋት። ኢሻእን እየሰገደች ነበር። ላለማወክ በሩ ላይ ቆምኩ። ሱጁዷ ረዘመ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባት፤ «እኔ በኳስ ሳመሽ እሷ ከጌታዋ ጋር እንዲህ ትነጋገራለች» ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ቆይቶ ግን አተነፋፈሷን ሰማሁ። ተኝታ ነበር። ቀስቅሼ ሳነሳት መጀመሪያ የተናገረችው «ልጆቹ ምሳ ዕቃቸው ታጥቧል?» የሚል ነበር። ቀጥላም አለቀሰች። ሶላቷ በየማታው እንዲህ እየሆነ ወር እንዳለፈው የነገረችኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ቀኗን ቆጠርኩ። ከቢሮ 11 ሰዓት ተኩል ትወጣለች። ታክሲ ተሰልፋ ቤት ስትደርስ አንድ ሰዓት ይሆናል። ሽንኩርት ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ተቁላልቶ ወጡ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ያልፋል። እራት፣ ዕቃ ማጠብ፣ የነገ ምሳ ማዘጋጀት፣ የልጆች ዩኒፎርም መተኮስ። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ከሆነማ መብራት እስኪጠነክር ስለሚጠበቅ ምጣዱ የሚጣደው ሌላው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ኢሻእ የሚሰገደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሆናል። ከዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል መነሳት አለ። እኔ በዚያው ቤት ውስጥ 7 ሰዓት እተኛለሁ። እሷ 5 ሰዓት እንኳ አይሞላላትም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር አዋቂ ሰው በየዕለቱ 7 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መተኛት እንዳለበት አስፍሯል። እኔ የምተኛው 7 ሰዓት ግማሹ ከማን ሂሳብ ላይ እንደሚቀነስ ለማወቅ ሐኪም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ለመሆኑ ዲናችን በዚህ ላይ ምን ይላል? ብዙዎቻችን እንቅልፍን የምናውቀው ሲወገዝ ነው። የሱብሒ አዛን ሲያልፍብን፣ ሰነፍ ሲወቀስ፣ ሌሊቱን የቆሙ ደጋግ ሰዎች ሲወሱ። በቁርአን ግን አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሩም 23ኛው አንቀጽ ላይ የሌሊትና የቀን እንቅልፋችንን ከተአምራቶቹ መካከል ቆጥሮታል፤ በሱረቱ ነበእም እረፍት ያደረገልን እሱ መሆኑን ያስታውሰናል። እንቅልፍ የማይነካው እሱ ብቻ እንደሆነ በአየተል ኩርሲይ ዘወትር እንቀራለን። እንግዲህ ከቤታችን አንዷን ሰው እንቅልፍ እንደማያስፈልጋት ቆጥረን ስንኖር ምን እያደረግን እንደሆነ እስቲ እናስብ።

የሰልማንና የአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ታሪክ በቡኻሪ ውስጥ ይገኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን አወዳጅተዋቸው ነበር። ሰልማን ወንድሙን ሊጠይቅ ሲሄድ የመጀመሪያ ያየው አቡ ደርዳእን ሳይሆን ሚስቱን ነው፤ ራሷን ጥላ፣ ልብሷ አድፎ። ምክንያቱን ሲጠይቃት ባሏ ለዚህ ዓለም ነገር ግድ እንደሌለው ነገረችው። ሌሊት አቡ ደርዳእ ለሶላት ሊነሳ ሲል ሰልማን «ተኛ» አለው። ደግሞ ሊነሳ ሲል አሁንም አስተኛው። የሌሊቱ መጨረሻ ሲሆን አብረው ተነስተው ሰገዱ። ከዚያም ጌታው፣ ነፍሱና ቤተሰቡ እያንዳንዳቸው በእሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነገረው። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው ሰልማን እውነት መናገሩን አጸደቁ። ይህን ሐዲስ በመስጊድ ብዙ ጊዜ ሰምቸዋለሁ። ሆኖም ሁልጊዜ የሚነገረው ስለ ባልየው እንቅልፍ ነው፤ ሰልማን ነገሩን ያወቀው ግን ሚስትየዋን አይቶ ነበር።

በሶላት ላይ እንቅልፍ የሚያሸንፈውን ሰው በተመለከተም ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ትእዛዝ አለ። እንቅልፉ እስኪለቀው ይተኛ፤ ምሕረት የሚለምን መስሎት ራሱን ሊረግም ይችላልና። ዘይነብ (ረ.ዐ.) በሶላት ሲደክማት የምትይዘውን በመስጊድ ምሰሶዎች መካከል የታሰረ ገመድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስፈታታቸውንም አነስ (ረ.ዐ.) አውርቷል። ለአምልኮ ሲባል የታሰረ ገመድ ከተፈታ፣ ለወጥ ሲባል የታሰረውማ?

አንዳንድ ወንድሞች እዚህ ላይ የፋጢማን (ረ.ዐ.) ሐዲስ እንደሚያነሱ አውቃለሁ። ወፍጮ እጇን ስለጎዳት አገልጋይ ልትጠይቅ ወደ አባቷ ሄደች፤ የተሰጣት ግን አገልጋይ ሳይሆን ዚክር ነው፤ ስለዚህ ሴት ልጅ ትታገስ ይላሉ። ሐዲሱን እስከ መጨረሻው እናንብበው። በመጀመሪያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ድካሟ በመናገሯ አልወቀሷትም። ማታ ራሳቸው ወደ ቤቷ ሄዱ። ሲደርሱ ፋጢማም ዐሊይም መኝታቸው ላይ ነበሩ። 33 ጊዜ ተስቢሕ፣ 33 ጊዜ ተሕሚድ፣ 34 ጊዜ ተክቢር ያስተማሩት ለሁለቱም ነው፤ የሚባለውም ጎን ሲያርፍ ነው። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ከዚያ ወዲህ ትቶት እንደማያውቅ ተናግሯል። እንግዲህ ባል አልጋ ላይ ሆኖ ተስቢሑን ሲጨርስ ሚስት ገና ድስት እየፈተገች ከሆነ፣ ሐዲሱ በዚያ ቤት በግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው።

ማብሰል በሚስት ላይ ግዴታ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ሊቃውንት ተለያይተዋል። ከሻፊዒይና ከሐንበሊይ መዝሀብ ብዙዎቹ ግዴታዋ አይደለም ሲሉ፣ ሌሎች በአካባቢው ልማድ መጠን ይገባታል ብለዋል። እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ለኔ የበቃኝ የዓኢሻ (ረ.ዐ.) መልስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ጊዜ ሲደርስም ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ተናግራለች። ከነቢይነት ሥራ የበለጠ የሚያደክም ሥራ ያለው ወንድም ካለ ይንገረን።

ጊዜው የለም እንዳንል ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) ያኖረን ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም በማይለዋወጥበት አገር ነው። በአዲስ አበባ ኢሻእ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል፤ ሱብሒ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ። በመካከሉ 9 ሰዓት ያህል አለ። በበጋ ፀሐይ ማታ ዘግይታ ጠልቃ ሌሊቱ ሳይጨልም በምትወጣባት በስቶክሆልም የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህንን ጸጋ ቢያገኙ ምንኛ በወደዱ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከኢሻእ በፊት መተኛትንና ከኢሻእ በኋላ ወሬን ይጠሉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እንግዳ ማስተናገድን፣ ዕውቀትንና ከቤተሰብ ጋር መጫወትን ሊቃውንት ለይተው ፈቅደዋል። ኳስና ስልክ ግን ከየትኛው እንደሚመደቡ እኔ ማግኘት አልቻልኩም። ከእራት በኋላ የሚፈላው ቡናም ሊታሰብበት ይገባል፤ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ከቡናው ኃይል ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት በኋላም እንዳለ ነው።

በእኛ ቤት የተለወጠው ይህን ያህል ነው። የሳምንቱን ሽንኩርት እሁድ ቀን አብረን እናቁላላለን፤ ከፍለን ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ጊዜ አሳርሬዋለሁ፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። እንጀራ ከሰፈር እንገዛለን፤ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ቀድሞ ለኳስ ቤት ሻይ ይወጣ የነበረው ነው። ኢሻእ እንደተጠራ ምድጃው ጠፍቶ አራታችንም በጀማዓ እንሰግዳለን፤ ወጡ ካልደረሰም ይጠብቃል። ከእራት በኋላ ያለው ዕቃና ምሳ ዕቃው የኔ ድርሻ ነው። አማቴ አንድ ቀን መጥተው ዕቃ ሳጥብ ሲያዩኝ ደንግጠው «ምነው ልጄ፣ አሟት ነው?» ብለው ነበር። «አይ እማማ፣ ተኝታለች» አልኳቸው። ሰዓቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነበር።

ወላሁ አዕለም።