በደጃችን ያለው አገልግሎት

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5፥ ከቍጥር 18 እስከ 20



ጌታችን በባሕር ማዶ የፈወሰው ያ ሰው በመቃብር መካከል ይኖር የነበረ፥ ሰንሰለትም ሊይዘው ያልቻለ ሰው ነበረ። በዳነ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ይኸውም ጌታ ወደ ታንኳ ሲገባ አብሮት እንዲሄድ ነው። በዚያ ታሪክ ጌታን የለመኑት ሦስት ወገኖች ናቸው። አጋንንቱ ወደ እርያዎች ለመግባት ለመኑ፥ ተፈቀደላቸው። የአገሩ ሰዎች ከዳርቻቸው እንዲሄድላቸው ለመኑ፥ ሄደላቸው። የተከለከለው የዳነው ሰው ልመና ብቻ ነው። ከሦስቱም የሚሻለው ልመና ግን የእርሱ አልነበረምን? እኛ በዚያ ብንሆን ኖሮ፥ «ና፥ ግባ» ባልነው ነበር። ጌታ ግን ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ሰደደው።

ወደ ቤት መላክ ቀላል ትእዛዝ አይምሰለን። ወደ ሩቅ አገር የሄደ ሰው ያለፈውን ኑሮውን የሚጠይቀው የለም። በሰፈሩ ግን ሌሊት ሌሊት ሲጮኽ የሰሙት፥ ያሰሩትም እጆች ይጠብቁታል። ደግሞም የቅርብ ሰው ምስጋና አያበዛም፤ አንድ ወር አገልግለን እንዳንመለስም አይለቀንም። ከቅርቡ ይልቅ ሩቁን የምንመኝበት ምክንያት አንዱ ይህ ይሆናል።

እኛም በዚህ ነገር ንጹሓን አይደለንም። ከምእመናናችን አንድ ወጣት ወደ ውጭ አገር ሄዶ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል አስቦ፥ የምስክር ደብዳቤ እንድንጽፍለት ወደ እኛ መጣ። በደስታ ጻፍንለት። በዚያው ሳምንት ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፥ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር በስተ ጀርባ ወዳለች አንዲት ጎጆ ጎራ አልን። በእርሷም ውስጥ አንዲት አሮጊት እናት በጨለማ ተቀምጠው አገኘን። ሁለት ዓመት ያህል በጸሎት ቤት አላየናቸውም ነበር፤ ወደ ልጃቸው ዘንድ የሄዱ መስሎን አልጠየቅንም። እርሳቸው ግን ከዚያች ቤት አልተነሡም፤ ዓይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደው መንገዱን ፈርተው ቀርተዋል። ስንናገር ሰምተው፥ «ቄስ፥ እርስዎ ነዎት? ድምፅዎንስ እሑድ እሑድ እሰማዋለሁ» አሉን። ሌላ ወቀሳ አልጨመሩም።

በዚያው ወራት በሩቅ አገር ስላሉት ሕሙማን ከመንበሩ ላይ ሆነን ብዙ ጊዜ ጸልየናል። ያንን ጸሎት እርሳቸውም በግድግዳው በኩል ሰምተውታል። የዓይን ሞራ በአገራችን ሰውን ከሚያሳውሩት ደዌዎች ሁሉ ብዙውን ስፍራ የያዘ ነው፤ ሆኖም በአጭር ቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ለእኒህ እናት የጎደላቸው ሐኪም ሳይሆን፥ እጃቸውን ይዞ ወደ ሐኪም የሚያደርሳቸው ሰው ነበረ።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክም ይህንኑ ያሳየናል። በ1866 ዓ.ም. (ዓመቶቹን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን) ከስዊድን የተላኩት የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች ወደ ምጽዋ ሲደርሱ፥ አሳባቸው ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ነበረ። መንገዱ ተዘጋባቸው፤ በሽታም ከመካከላቸው ወሰደ። በምጽዋና በአጠገቧ ባለችው በምኩሉ ተቀምጠው፥ ከባርነት ወጥተው ወደ ደጃቸው የመጡትን ልጆች ማስተማር ያዙ። በ1870 ነጻ የወጣው፥ በ1872ም የተጠመቀው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነው። በ1899 በኦሮምኛ ለታተመው መጽሐፍ ቅዱስ የደከመው እርሱ ነው፤ የሥራው ረዳት አስቴር ጋኖም ከባርነት ወጥታ በዚያው በምኩሉ የተማረች ነበረች። በ1904ም ኦኔሲሞስ ወደ ነቀምቴ ገባ። መልእክተኞቹ ሊደርሱበት የናፈቁት ሕዝብ ቋንቋ፥ አስቀድሞ በራሳቸው ደጅ ተቀምጦ ፊደል ይቈጥር ነበር።

ይህን ስንል ሩቅ የሚሄዱትን አንነቅፍም። እነዚያ ሰዎች ከአገራቸው ባይወጡ ኖሮ ይህን ታሪክ አንናገርም ነበር። ነገር ግን በሰፈሩ ደጅ አንኳኩቶ የማያውቅ ሰው፥ በባሕር ማዶ ማንኳኳትን ከወዴት ይማረዋል?

«ታዲያ የሚሠራውን በምን እናውቃለን?» ትሉን ይሆናል። የዕድሩን ዳኛ ጠይቁ፤ በየቤቱ የተኛውን በሽተኛ እርሱ ያውቀዋል። በጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ፥ አስታማሚ የሌለው ማን እንደ ሆነ ጠይቋት። መምህሩን፥ ደብተር አጥቶ የቀረው ልጅ የማን እንደ ሆነ ጠይቁት። ሰውነቱ ጤነኛ የሆነ ደግሞ በየሦስት ወሩ ደም ሊሰጥ ይችላል፤ በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈስሳት እናት ይህ የሕይወት ጕዳይ ነው፥ ለሰጪውም ከአንድ ረፋድ በላይ አይፈጅበትም።

ስጦታ ከመያዛችሁ በፊት ግን ጠይቁ። እኛ ለእኒያ እናት ዱቄት ይዘን ሄድን፤ ዱቄትስ ነበራቸው። የፈለጉት ውኃ የሚቀዳላቸውና መዝሙረ ዳዊት የሚያነብላቸው ሰው ነው። ሐሙስ እመጣለሁ ያለም ሐሙስ ይምጣ፤ በጨለማ የተቀመጠ ሰው ቀኑን የሚያውቀው በሚመጣው ሰው እግር ነውና።

ያ ወጣት የጕዞው ወረቀት እስኪያልቅለት ድረስ ብዙ ወራት ቈየ። በእነዚያ ወራት ሐሙስ ሐሙስ ያነበበላቸው፥ ወደ ሐኪምም ይዟቸው የሄደው፥ ሌሊቱንም ከአልጋቸው አጠገብ ያደረው እርሱ ነው። ዓይናቸው የታሰረበት በተፈታ ጊዜ እስከዚያ ቀን በድምፁ ብቻ ያውቁት ነበርና፥ አተኵረው አይተውት፥ «ለካስ እንዲህ ልጅ ነህ!» አሉት። ኋላም ወረቀቱ ደርሶለት ሄደ፤ የሐሙሱን ተራ ግን ለታናሽ እኅቱ ሳያስረክብ አልሄደም።

እኛም ከሚመጣው እሑድ አምልኮ በኋላ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነን የጉባኤውን መዝገብ በምእመናን ፊት እናነባለን። ለብዙ ጊዜ ያላየነው ሰው ስም ሲጠራ ቤቱን የሚያውቅ እጁን ያንሣ።