ከመጋረጃው ኋላ ላለኸው ልጄ

ባለፈው ቅዳሜ ቀሚስህን ወስደህ ስትወጣ በሩ ላይ ዘወር ብለህ «እትዬ፣ ሰው ያውቅብኝ ይሆን?» አልከኝ። ሌላ ደንበኛ ገብታ ነበርና ሳልመልስልህ ቀረሁ። ጥያቄህ ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ፤ እንቅልፍ ነሳኝ። አባቶች «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። አንተን መከራ እንዲመክርህ አልፈልግም፤ እኔ እያለሁ።

መጀመሪያ የመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል? ቀሚሱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለህ «የእህቴ ነው፣ ቁመቷ እንደኔው ነው» አልከኝ። ሜትሩን ትከሻህ ላይ ሳሳርፍ ተንቀጠቀጥክ፤ የማን እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ፤ አልጠየቅሁህም። ገብተህ መጋረጃውን ስትስብ ግን ምን ብዬ እንደምጠራህ ቸገረኝ። አማርኛችን በዚህ በኩል መሸሸጊያ አይሰጥም፤ ወይ «ጨረስክ?» ነው ወይ «ጨረስሽ?»። ትንሽ አሰብኩና «ጨርሰዋል?» አልኩህ። የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችለውን ልጅ አንቱ አልኩህ። ሳቅህ ከመጋረጃው ኋላ ተሰማኝ። ለካ አንቱታ ወንድና ሴት አይለይም። «እኔ»ም አይለይም፤ ወንዱም ሴቷም «እኔ መጣሁ» ነው የሚሉት። በሦስተኛው ጊዜ ራስህ «ቀሚሱን ስለብስ አንቺ ይበሉኝ» አልከኝ፤ ይኸው እንዳልከኝ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበልህ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5 ስለ ወንድና ሴት ልብስ የሚለውን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ጥቅሷ ስታስጨንቀኝ ከርማለች። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ የንስሐ አባትህ አይደለሁም። የማየው ፈርቶ የመጣ ልጅ ነው፤ ፈርቶ የመጣን ልጅ ደግሞ ከበሬ አላባርርም።

ስፌት ያስተማሩኝ ሰው በወጣትነታቸው ለሀገር ፍቅር ቴአትር ልብስ ይሰፉ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ከዚያም በኋላ እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ እስኪወጡ ድረስ፣ የሴቷን ቦታ ወንድ ነበር የሚጫወተው። እኚሁ መምህሬ ስለ ሁለት ተዋንያን ደጋግመው ያወሩኝ ነበር። አንደኛው ቀሚስ ሲለብስ ዳሌውን ይሰብቃል፣ ድምፁን ያቀጥናል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። ሌላኛው ግን ዝም ብሎ ይገባል፤ ነጠላውን ከትከሻው ላይ ያስተካክላል፣ ዝቅ ብሎ የወደቀ ስንጥር ያነሳል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሰዉ ወንድ መሆኑን ይረሳዋል። «እንዴት ነው እንዲህ የምትሆነው?» ሲሉት «ሴት ለመሆን አልሞክርም፤ እናቴን ነው የማስባት፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ ሥራ አላት» አላቸው። ይህን ቃል ከሃምሳ ዓመት በኋላም አልረሳሁትም። ለአንተም የምለው ከዚሁ የተቀዳ ነው፤ ስትወጣ ጉዳይ ይኑርህ። ዳቦ ልትገዛ ውጣ፣ መጽሐፍ ልትመልስ ውጣ፣ መድኃኒት ልታመጣ ውጣ። ለመታየት የወጣ ሰው መንገዱን ሁሉ ዓይን ሲፈልግ ይውላል፤ የፈለገውም ዓይን አያጣውም።

ስለ ልብሱ እንነጋገር፤ ይኼ የእኔ ነው። «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለው ለልብስም ይሠራል። ቅዳሜ ጠዋት ሱፐርማርኬት ገብተህ በዕድሜህ ያሉትን ሴቶች ተመልከት። ጂንስ፣ ረዘም ያለ ሹራብ፣ ጠፍጣፋ ጫማ። በእነሱ መሐል ያን የሚያብረቀርቅ ቀይ ቀሚስ ብትለብስ፣ እኔ ሴቲቱም ብለብሰው፣ ዞር ብሎ የማያይ የለም። አንድ አሜሪካዊ ደንበኛዬ «ካሳ ሱዛና» የሚባል የፎቶግራፍ መጽሐፍ አሳይቶኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ካትስኪል ተራሮች ውስጥ፣ አንድ ቤት ቅዳሜና እሑድ ተሰባስበው የሴት ልብስ የሚለብሱ ወንዶች ነበሩ፤ ሚስቶቻቸውን ይዘው የሚመጡም ነበሩባቸው። ፎቶዎቹ ከብዙ ዓመት በኋላ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ተገኝተው በ2005 መጽሐፍ ሆኑ። የገረመኝ ተራነታቸው ነው። እንደ ጎረቤት ሴት ለብሰው ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። ፊታቸው ላይ ያለውን ዕረፍት ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ቤት ውጭ እንደዚያ ለብሶ መታየት ሊያሳስር የሚችልበት ዘመን ነበርና።

አንተ ትከሻህ ሰፊ ነው። እጅጌው ትከሻው ላይ የተነፋውን ቀሚስ ስታመጣልኝ መነፋቱን ያወጣሁት ለዚህ ነው፤ አንገቱንም ወደ ታች ሾጠጥ አድርጌ ከፈትኩት፤ ዓይን ወደ ጎን ከመሄድ ወደ ታች ይወርዳል። ወገቡን ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ አነሳሁት፤ ሱሪ የምትታጠቅበት ቦታ የሴት ወገብ አይደለም፣ እሷ ወደ ጎድኗ ጠጋ ትላለች። ከላይ ጠቆር ያለ፣ ከታች ፈካ ያለና ሰፋ ብሎ የሚወርድ ጉርድ ብትለብስ ዳሌ የሌለው ሰው ዳሌ ያገኛል። የሴት ሸሚዝ ቁልፍ በግራ በኩል እንደሚሰፋ አስተውለሃል? እጅህ የለመደው በቀኝ ነው። ቤትህ ሆነህ ሳታይ እስክትቆልፈው ተለማመደው፤ ሰው ፊት ቁልፍ የሚፈልግ እጅ ብዙ ነገር ይናገራል።

ጫማ ስትገዛ ከሰዓት በኋላ ግዛ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ያብጣል። እዚህ አሜሪካ የሴት ቁጥር ከወንዱ አንድ ተኩል ያህል ከፍ ይላል፤ በዚያ አስላ። ታኮው ከአምስት ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ጺምህን በሙቅ ውሃ ከታጠብክ በኋላ ተላጭ፤ የሚቀረውን ሰማያዊ ጥላ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ማስተካከያ ስስ አድርገህ ቀብተህ ከላዩ ፋውንዴሽን ብታደርግ ይጠፋል። ይህንን ከአሜሪካዊው ደንበኛዬ ነው የሰማሁት፤ ፊቱ ላይም አይቻለሁ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን እናቴ ወገቧን ጠበቅ እያደረገች ትለው ነበር። ከመውጣትህ አንድ ሰዓት አስቀድመህ ልበስ። ተቀመጥ፣ ተነሳ፣ ደረጃ ውጣ፣ ቡና አፍላ። ልብሱ ገላህን ይልመደው። ከዚያ ለመስታወቱ ጀርባህን ስጠው፤ «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው»፣ የወጣ ገበርና ያልተዘጋ ዚፕ ከፊት አይታይም። ከበሩ ከወጣህ በኋላ ግን ጫፉን አትጎትት፣ ዊጉን አትነካካ፣ በየሱቁ መስታወት ራስህን አትፈልግ። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ሌባው ያየው ጭብጦውን ሳይሆን የሚንቀጠቀጠውን እጅ ነው።

ድምፅህ እንደሚያስፈራህ አውቃለሁ። «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ብለህ ዝም ብትል ደግሞ የከፋ ነው፤ ሻጯ ሰላም ስትልህ አለመመለስ ዓይን ይስባል። አታቅጥነው። ዝግ አድርገህ፣ ለስለስ አድርገህ፣ አሳጥረህ ተናገር። የእኔን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ ስልክ ላይ ስንት ጊዜ «ጌታዬ» እያሉ እንደሚያናግሩኝ ብነግርህ አታምነኝም። አራት ልጅ ወልጃለሁ።

አንድ ሰው ቢያውቅብህስ? ያውቅብህ ይሆናል። አብዛኛው ሰው ስልኩ ላይ ነው ያጎነበሰው፣ ቀና ያለውም ወዲያው ይረሳሃል። የሚያፈጥብህ ካለ አንዴ ፈገግ ብለህ እለፍ። የሚከተልህ ካለ ግን ኩራት አያስፈልግም፤ መብራትና ሰው ያለበት ሱቅ ግባና ስልክ ደውል። የት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ የሚያውቅ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይኑር። ሕጉ ድሮ በዚህ አገርም ከባድ ነበር፤ ኮለምበስ የምትባለው የኦሃዮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1848፣ ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በ1863 የሌላውን ፆታ ልብስ ለብሶ አደባባይ መውጣትን ወንጀል አድርገውት ነበር። ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በገጽታ የተነሳ ማግለልን የሚከለክለው ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ አለ፤ በ2006 የፆታ ማንነትና አገላለጽ በስሙ ተጨመረበት። እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ በ2014 ወጣ። ይህን እወቀው። እንዲሁም ሕግ ማታ ማታ ባቡር ጣቢያ ላይ አብሮህ እንደማይቆም እወቅ።

ለድፍረት ብለህ ከመውጣትህ በፊት አትጠጣ፤ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል»። ሲጠጣ እግርም ምላስም ይከዳል።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርህ። ፈረንጁ አይቶ ያልፍሃል፤ የእኛ ሰው ግን አያልፍህም። የማን ልጅ እንደሆንክ፣ እናትህ የት ቤተ ክርስቲያን እንደምትሳለም ያውቃል፤ ሳትደርስ ወሬው ይደርሳል። ስለዚህ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች አትጀምር። ይህን ስልህ ልቤ ያዝናል፤ በገዛ ሕዝብህ መሐል ነበር ደህንነት ሊሰማህ የሚገባው። አዲስ አበባ ስትሄድም ቀሚሱን ሻንጣህ ውስጥ አትክተተው፤ እኔ ጋ ተወው፣ በናይሎን ሸፍኜ እሰቅልልሃለሁ። እህትህ ግን ብታውቅ ደስ ይለኛል። ያቺ «ቁመቷ እንደኔው ነው» ያልካት። ጊዜውን አንተ ምረጥ፤ ብቻህን የተሸከምከው ነገር ጀርባህን ሲያጎብጠው እያየሁ ነው፤ ትከሻህን የለካሁት እኔ ነኝ።

በጥቅምት መጨረሻ ዋሽንግተን ዲሲ 17ኛው ጎዳና ላይ ወንዶች ታኮ ጫማ አድርገው የሚሮጡበት ቀን አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ከሃሎዊን በፊት ባለው ማክሰኞ ይደረጋል። «እዚያ ብጀምር ማንም አያስተውለኝም» ብለኸኝ ነበር። ሂድ፣ ሳቅበት፣ ደስታው መልካም ነው። አንተ የምትፈልገው ግን ያን አይመስለኝም። እዚያ ሰው ሊታይና ሊያይ ይመጣል። አንተ የጠየቅኸኝ እንደ ማንኛዋም ሴት መንገድ ማለፍን ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና ብቻህን አትጀምር። የፊታችን ቅዳሜ ሱቁን እኩለ ቀን ላይ እዘጋለሁ። ዋሽንግተን፣ ዱፖንት ሰርክል አጠገብ ያሠራሁት መነጽር ደርሷል፤ ሄጄ ማምጣት አለብኝ፣ ደረጃው ደግሞ ለጉልበቴ ይከብደኛል፤ የሚደግፈኝ ሰው እፈልጋለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን የባቡር መስመር ይዘን ሳንቀይር እንደርሳለን። ጥቁሩን ሹራብና ግራጫውን ጉርድ፣ ጠፍጣፋውን ጫማ። ቦርሳ ከሌለህ የእኔን ቡናማዋን አውጥቼ አስቀምጫለሁ። ዝናብ አለ ብለዋል፤ ዣንጥላ ያዢ።