ሩጫውና ደብተሩ



ገና ሳይነጋ ከቦሌ፣ ከገርጂና ከሲ.ኤም.ሲ. ተነሥተው በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ የሚሮጡ ወጣቶችን ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? እንቅልፍን ማሸነፍና ሰውነትን ማስገዛት መልካም ነገር ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ፣ በምዕራፍ 9፣ የሯጭን ትጋት ለክርስቲያን ምሳሌ አድርጎ አቅርቦልናል። ስለዚህ ስፖርትን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነገር ግን «ለትምህርት ቤቴ ዋንጫ ካመጣሁ የዩኒቨርሲቲው ነገር አያሳስበኝም» የሚል አሳብ በወጣቶች ዘንድ ይሰማል። ይህን አሳብ በእውነት ሚዛን ልንመዝነው ይገባናል።

በሀገራችን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው መደበኛ በር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። የመልስ ወረቀቱን የሚያርመው መሣሪያ ተፈታኙ በ5,000 ሜትር ስንተኛ እንደ ወጣ አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ያህሉ። በሩ እንዲህ ከጠበበ፣ ሜዳልያን ተማምኖ ደብተርን መተው ምን ይባላል? የሯጭ ጅማት በአንድ ቀን ሊበጠስ ይችላል፤ የተማሩት ትምህርት ግን አብሮ ይኖራል።

«በአሜሪካ እኮ በስፖርት ኮሌጅ ይገባል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የዚያ ሀገር ኮሌጆች ለቡድናቸው ሯጭና ኳስ ተጫዋች ስለሚፈልጉ የአሠልጣኝ ድጋፍ ተማሪውን ይረዳዋል፤ ብዙዎቹም ክፍያውን ይችሉለታል። ሆኖም ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የተባለው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር በአንደኛው ምድብ መወዳደር የሚሻ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ 16 መሠረታዊ ኮርሶችን ከ2.3 በማያንስ አማካይ ነጥብ እንዲያጠናቅቅ ይጠይቃል። እንደ ሃርቫርድና ዬል ያሉትም በስፖርት ምክንያት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። እግር ወደ በሩ ያደርሳል፤ በሩን የሚከፍተው ግን የትምህርት ማስረጃው ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ያሬድ ንጉሤ በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ በ2019 እ.ኤ.አ. የኮሌጆቹን የ1,500 ሜትር ውድድር አሸነፈ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፓሪስ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። ሩጫው ከትምህርቱ አላስቀረውም።

ከሃያ ሁለት ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ በስሙ የተጠራለት ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በልጅነቱ በአርሲ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ ነበር። ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ መሮጡ ደብተሩን ይዞ ይሮጥ ከነበረበት ዘመን የቀረ ልማድ እንደ ሆነ ይነገራል። በአትላንታና በሲድኒ ወርቅ ያጠለቀው ሯጭ ሩጫን የጀመረው ደብተር ይዞ ነው።

ሌላም ፈተና አለ። ለውድድር ብሎ ዕድሜን መቀነስ፣ ወይም ወደ ውጭ ለመሄድ ሲባል የሐሰት ማስረጃ ማሠራት ለአንዳንዶች ብልኅነት ይመስላቸዋል። ሐዋርያው ግን በሁለተኛይቱ የጢሞቴዎስ መልእክቱ፣ በምዕራፍ 2፣ እንደ ሕጉ ያልታገለ አክሊል እንደማይቀበል አስተምሮናል። በሐሰት የተገኘ ወንበር ሁልጊዜ እንዳስፈራ ይኖራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ማለዳ የሮጠ፣ ማታ በዚያው ትጋት ከመጽሐፉ ፊት ይቀመጥ። ለልምምድ ሰዓት የሚያከብር ለጥናትም ሰዓት ያክብር። ሒሳብና ፊዚክስ የሚያውቅ ደግሞ ከጉባኤ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ሯጩን ወንድሙን ወይም ሯጯን እኅቱን ያስጠና፤ ይህም ምጽዋት ነው። ተግቶ ያልተሳካለት ቢኖር አንሳቀው፤ የሰው ክብሩ በውጤት ወረቀትም በሜዳልያም አይለካም። ሁላችን የምንሮጥለት የማይጠፋ አክሊል አለና፤ በዚያ ሩጫ የኋለኛውን እጁን ይዞ የሚያመጣው አይዘገይም።

አምላከ ቅዱሳን ሩጫችንንም ጥናታችንንም ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።