ሳቅ ልብን ያደነድናል?

ፈረንሳዊው ፈላስፋ አንሪ በርግሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ስለ ሳቅ ባሳተመው መጽሐፍ ከባድ ነገር ተናግሯል፤ ሰው እንዲስቅ ልቡ ለአፍታም ቢሆን መደንዘዝ አለበት። የወደቀው ሰው አንጀታችንን ከበላው አንስቅበትም። በደካማ ላይ ሲሳቅ ያየ ሁሉ ይህን አይክድም። ነገር ግን ሳቅ ሁሉ እንዲህ ነው ወይ?

መጽሐፉ በወጣ በሰባተኛው ዓመት የተወለደው የፊልም ዳይሬክተር ዣክ ታቲ ስድስት ሙሉ ፊልሞችን ብቻ ትቶ አልፏል። ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ግን ከብዙ ጥራዝ ይመዝናል።

በ1967ቱ ፊልሙ «ፕሌይታይም» ውስጥ አንድ አዲስ ምግብ ቤት ሥራውን በሚጀምርበት ምሽት የመግቢያው የመስታወት በር ይሰበራል። በበረኛው እጅ የቀረው ክቡ እጀታ ብቻ ነው። ሰውየው ሥራውን አልተወም፤ እጀታውን በአየር ላይ ይዞ፣ የሌለውን በር ለእንግዶች ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንግዶቹም በር እንዳለ ሁሉ በክብር ይገባሉ። በርግሰን የሚያስቀን ሕያው ሰው እንደ ማሽን ሲሆን ነው ይላል፤ በረኛውም በእርግጥ እንደ ማሽን ነው። ቢሆንም የምንስቀው እየናቅነው አይደለም። ምሽቱ እንዳይበላሽ የሚታገል ሠራተኛ እናያለን፤ እንወደዋለንም።

ምስጢሩ ያለው በካሜራው አቀማመጥ ላይ ነው። ታቲ የሰውን ፊት አቅርቦ «በዚህ ሳቁ» አይልም። በ70 ሚሊሜትር ፊልም ሰፊውን አዳራሽ ከሩቅ ያሳየናል፤ ማንን እንደምናይ የምንመርጠው እኛው ነን። ንቀት ጣት የሚቀሰርበት ሰው ይፈልጋል፤ እዚህ ግን አስተናጋጁም፣ ሀብታሙም፣ ራሱ ታቲ የሚጫወተው ሙሴ ኡሎም እኩል አስቂኝ ናቸው።

እርግጥ በ1958ቱ «አጎቴ» ላይ ታቲ ጠንከር ይላል። የአርፔል ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ያለው የዓሣ ቅርጽ ፏፏቴ የሚከፈተው ለክቡር እንግዳ ብቻ ነው። የመጣው ባልየው ከሆነ ወዲያው ይዘጋል! ሆኖም በፊልሙ መጨረሻ አርፔል የሚስቱን ወንድም ለመጥራት ሲያፏጭ አንድ መንገደኛ ዞር ብሎ ከምሰሶ ጋር ይጋጫል፤ ያኔ ትንሹ ልጁ የአባቱን እጅ ይይዛል። በፊልሙ ሁሉ የተራራቁ አባትና ልጅ የተገናኙት በሳቅ ነው። መንገደኛው ተጎድቷልና በርግሰን እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው፤ የቀረው ግማሽ ግን ያ የተያያዘ እጅ ነው።

ታቲ ያለ ንቀት መሳቅ ይቻላል ለሚለው እምነቱ ብዙ ከፍሏል። ለ«ፕሌይታይም» ሲል ፓሪስ አጠገብ ታቲቪል የተባለ ሙሉ ከተማ አስገንብቶ በዕዳ ተዘፈቀ፤ የፊልሞቹ መብትም ከእጁ ወጣ። በ1982 ሞተ። ፊልሙ በ2002 ታድሶ ለተመልካች ቀርቧል። ማየት የፈለገ አንባቢ በስልክ ባያየው ይመረጣል፤ በትንሽ መስኮት ላይ ያ በረኛ አይታይም።